ዘጠኝ ዶላር ከ212 ሰው

ለውጭ ምንዛሪ፣ ለንግድ ፈቃድና ለግብር መመሪያ አውጪዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከውጭ አገር በየወሩ ትንንሽ ክፍያ የሚቀበል ብቸኛ ሶፍትዌር ሠሪ እንደ ማንኛውም ላኪ እንዲስተናገድ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

እንደምን ሰነበታችሁ። አዲስ አበባ የምኖር ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ድርጅቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ኮዱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለደንበኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሒሳቡንም የምይዘው እኔው ነኝ። የምሸጠው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። በየቤታቸው ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ጊታር የሚያስተምሩ ሰዎች የተማሪዎቻቸውን ሰዓትና ክፍያ ይይዙበታል። ዋጋው በወር 9 ዶላር ነው።

ዛሬ 212 ደንበኞች አሉኝ። ካናዳ፣ ስኮትላንድ፣ ጀርመን፣ ኒውዚላንድ ነው ያሉት። አንዳቸውንም በአካል አላውቃቸውም። 212 በ9 ሲባዛ በወር 1,908 ዶላር ነው። ለአንድ ቡና ላኪ ትንሽ ገንዘብ ነው። ግን በየወሩ ይመጣል። ዝናብ አይጠብቅም፣ ኮንቴይነር አይፈልግም፣ እስከ ጅቡቲ ነዳጅ አያቃጥልም። የሚፈልገው መብራት፣ ኢንተርኔትና ገንዘቡ የሚገባበት አንድ ቀና መንገድ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ መንገዱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ። የምኮራበት ስለሆነ ነው። የአስተማሪ ቀጠሮ መያዣ ሲባል ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። እንደ እኛ ሳይሆን ብዙ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞራሉ። አሜሪካና ካናዳ ወደ ፊት የሚያዞሩት በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው። አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ። ኒውዚላንድ በተቃራኒው በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ፊት፣ በኤፕሪል መጀመሪያ ወደ ኋላ ታዞራለች። ኤድንብራ ያለች አስተማሪ ቶሮንቶ ላለ ተማሪ በቪዲዮ ስታስተምር፣ በእነዚያ መሀል ባሉ ሳምንታት ቀጠሮው በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

እኔ ያደግሁት ቀኑን በሁለት ካሌንደር፣ ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር እየቆጠርሁ ነው። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲባል «በማን አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፕሮግራሙን ስጽፍ ይህን ጥያቄ በየመስመሩ ጠየቅሁ። ደንበኞቼ የሚቆዩልኝ በዚህ ይመስለኛል። እዚህ አገር መወለዴ ለሥራዬ ጠቅሞታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደንበኞቼ የሚከፍሉት በካርድ ነው። ካርድ ለመቀበል መሀል ላይ የሚቆም ድርጅት ያስፈልጋል። በሙያችን በብዛት የሚታወቀው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚሄደው ሶፍትዌርን በራሳቸው ስም ወደሚሸጡ ድርጅቶች ነው። በወረቀት ላይ ለደንበኛው ሻጩ ድርጅቱ ይሆናል። እኔ የድርጅቱ አቅራቢ እሆናለሁ። የየአገሩን የሽያጭ ታክስ ሰብስቦ የሚከፍለውም ድርጅቱ ነው።

ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ሻጭ ለኅብረቱ ነዋሪ ሶፍትዌር ሲሸጥ፣ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ የገዢውን አገር ቫት መሰብሰብ አለበት። ጀርመን 19 በመቶ ነው፤ ሀንጋሪ 27 በመቶ። ይህን ብቻውን ልከታተል የሚል ሰው ኮድ የሚጽፍበት ሰዓት አይተርፈውም። ለምሳሌ ፓድል የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ለዚህ አገልግሎት በይፋ ያወጣው ዋጋ በእያንዳንዱ ሽያጭ 5 በመቶና 50 ሳንቲም ነው። በዚህ ስሌት ከ9 ዶላር ላይ 8 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይቀራል። ከ212 ሰው 1,706 ዶላር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። ድርጅቱ ይህን ሰብስቦ ወሩ ሲያልቅ በአንድ ሐዋላ ይልከዋል። መንገድ ላይ ያለው መካከለኛ ባንክም የራሱን ይቆርጣል።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ንግድ ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ገንዘቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ነው።

የባንኩን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የምታስተናግደኝ ልጅ ትሑት ናት፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። የመጀመሪያው ገንዘብ የገባ ቀን የተነጋገርነውን ግን እንዳለ ልጻፈው።

«ገንዘቡ የምንድን ነው?»
«የሶፍትዌር ሽያጭ።»
«እሺ፣ ከገዢው ጋር የተፈራረምከውን ውል አምጣ።»
«ገዢዎቹ ብዙ ናቸው። ድረ ገጹ ላይ ደንቡን አንብበው ‹ተስማምቻለሁ› የሚለውን ይጫናሉ። ውሉ እሱ ነው።»
«የላከው ግን አንድ ድርጅት ነው።»
«እሱ ሰብስቦ የሚያስተላልፈው ነው።»
«ታዲያ ኢንቮይሱ በማን ስም ነው?»

መልስ አጣሁ። ገንዘቡን የከፈሉት አስተማሪዎቹ ናቸው። ሐዋላው ላይ ያለው ስም የሰብሳቢው ነው። ፎርሙ ላይ ያለው ክፍት ቦታ አንድ ነው። «ፎርሙ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው ወንድሜ» አለችኝ፤ አዝናልኝ ነው ያለችው። ወደ ኃላፊዋ ሄድን። ኃላፊዋ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ደወሉ። ዋና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ አለ። ጠየቅን። ገንዘቡ 23 ቀን ሳይነካ ተቀመጠ።

ፎርሙ የተሠራው አንድ ገዢ፣ አንድ ውል፣ አንድ ጭነት ላለው ሰው ነው። ለቡና፣ ለሰሊጥ፣ ለቆዳ ልክ ነው። ለእኔ ግን የሚሞላ ቦታ የለውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተደረገ ስምምነት እውቅና ከሰጠ ቆይቷል። አዋጁ ግን እስካሁን መስኮቱ ጋ አልደረሰም።

አሁን ደግሞ ከዚያ የሚብሰውን ልንገራችሁ።

ፕሮግራሜ የሚኖረው ውጭ አገር በተከራየሁት ሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኪራዩ በአጠቃቀም ይሰላል። ስንት እንደሚሆን የሚታወቀው ወሩ ሲያልቅ ነው። የሚቆረጠውም በዚያው ዕለት ከካርድ ላይ ነው። ኢንቮይሱ የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ባንኩ ደግሞ ወደ ውጭ ለመክፈል አስቀድሞ ኢንቮይስ ይፈልጋል፤ ማመልከቻም ለየክፍያው። ሁለቱ አይገናኙም። ዶላሩ በስሜ ተቀምጦ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ግን የለኝም ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኒውዚላንድ ውስጥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንዲት የቫዮሊን አስተማሪ የጻፈችው መልእክት ነበር። የተማሪዎቿ ሰሌዳ አልከፈት ብሏታል። የመጀመሪያዋ ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትመጣለች። ገብቼ ሳይ ሰርቨሩ ታግዷል። 41 ዶላር ሳይከፈል ስለቀረ ነው። በዚያው ሰዓት ባንክ ውስጥ ያለኝ ገንዘብ የዚያን አርባ እጥፍ ያህል ነበር።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። እዚያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ሥራ ላይ ነበረች። «ምን ሆንክብኝ?» ብላ ደነገጠች። በዚያ ሰዓት የሚደወለው መርዶ ሲኖር ነዋ። ካርዷን ሰጠችኝ፣ ተከፈለ፣ ሰርቨሩ ተነሣ። አስተማሪዋ ትምህርቷን በሰዓቱ ጀመረች። የፈረሰ ነገር የለም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ንግዴ የቆመው የአክስቴ ልጅ ስልኳን በማንሣቷ ላይ ነው። እንዲህ ተደርጎ የሚሠራ ንግድ ምን ያህል ሊያድግ ይችላል?

በሙያው ያሉ ጓደኞቼ መፍትሔውን ያውቁታል። «ዴላዌር ክፈትና ተገላገል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እዚህ ቁጭ ብሎ አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ድርጅት ማስመዝገብ ይቻላል። ስትራይፕ ራሱ አትላስ በሚለው አገልግሎቱ በ500 ዶላር ይሠራልሃል። ኢስቶኒያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ሰው ዲጂታል ነዋሪነት እየሰጠች ድርጅት ታስከፍታለች፤ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር። በዴላዌር ኤል ኤል ሲ የሚባለውን የድርጅት ዓይነት የያዘ ሰው ገቢ ኖረውም አልኖረውም በየዓመቱ 300 ዶላር ለግዛቲቱ ይከፍላል። ኮዱ አዲስ አበባ ተጽፎ፣ ሌሊቱ አዲስ አበባ ታድሮ፣ 300 ዶላሩ ዴላዌር ይቀራል። ከ300 ዶላሩ የሚበልጠው ደግሞ ሌላው ገንዘብ ነው። አንዴ እዚያ ባንክ ከገባ እዚህ የሚመጣው ለአስቤዛና ለቤት ኪራይ የሚበቃው ብቻ ይሆናል። እሱም በጥቁር ገበያ በኩል የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርጉ ልጆችን አልወቅስም። ብዙዎቹ እንደ እኔ መስኮቱ ጋ ደርሰው የተመለሱ ናቸው።

እኔ እዚሁ ለመሥራት ወስኛለሁ። ድርጅቴ የኢትዮጵያ ነው፤ ቲን ቁጥር አለኝ፤ ግብር እከፍላለሁ። ሕጉም እኮ ወደ እኔ ብዙ መጥቷል። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ቻለ። በ1952ቱ ሕግ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ወንድምን ወይም ሚስትን ለስም ብቻ ማስገባት የተለመደ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የወጣው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያም ትልቅ ነገር ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ላኪ ከሚያስገባው ምንዛሪ ለራሱ የሚያስቀረውን ከ40 ወደ 50 በመቶ አሳደገ። ከውጭ ገቢ ያለው ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍትና ለአገልግሎት ወደ ውጭ እንዲከፍል ፈቀደ። ያን ቀን ዜናውን ሁለቴ አነበብኩት። ለእኔ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሐምሌ ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም ተጀመረ። አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮድ፣ የዳታና የኤ አይ መሠረታዊ ነገር ይማራሉ ተባለ። ጎረቤቴ ያለች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም ጀምራለች። አንዳንድ ማታ ላፕቶፗን ይዛ ትመጣና አብረን እንቀመጣለን። ፈጣን ናት። በቅርቡ «ጋሼ፣ የሠራሁትን እንዴት ነው የምሸጠው?» አለችኝ። እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋት። እንዴት እንደሚሸጥ አሳየኋት። ገንዘቡ እንዴት እንደሚገባ ስትጠይቀኝ ግን የአክስቴን ልጅ ታሪክ ከመንገር በቀር የምላት አልነበረኝም። እሷ ደግሞ አሜሪካ ዘመድ የላትም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ለሶፍትዌርና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚሆን ሌላ ፎርም ይውጣ። በእያንዳንዱ ገዢ ውል ፋንታ ሰብሳቢው ድርጅት በየወሩ የሚያወጣው የሽያጭ ዝርዝር ይበቃ። ዝርዝሩ ላይ ስንት ሽያጭ እንደተደረገ፣ ከየትኛው አገር፣ ስንት ታክስ፣ ስንት ኮሚሽን እንደተቆረጠ ሁሉ ተጽፏል። ለቁጥጥር ከተፈረመ ውል ይሻላል። ውል ምን ሊከፈል እንደታሰበ ነው የሚናገረው፤ ዝርዝሩ የተከፈለውን ይናገራል። ከሰብሳቢው ጋር ያለኝን ስምምነት ለባንኩ አንድ ጊዜ ላስገባ፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩንና ሐዋላውን አስተያይቶ ማጽደቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ካርዱ ነው። በስሜ ከተቀመጠው ዶላር ላይ ብቻ የሚቆርጥ፣ ጣሪያ ያለው ካርድ ይሰጠኝ። የማንንም ምንዛሪ አልነካም፤ ያስገባሁትን ነው የምከፍለው። በየወሩ ለምን እንደዋለ ኢንቮይሱን ከኋላ ላቅርብ። ካላቀረብሁ ይዘጋብኝ። የሰርቨር፣ የዶሜይን (የድረ ገጹ ስም)፣ የኢሜይል መላኪያ ክፍያ ተደምሮ በወር ከ120 ዶላር አይበልጥብኝም። ያ 120 ዶላር ከቆመ ግን 1,700ው አይመጣም።

የግብሩንም ላንሣው። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ እንድቆርጥ ተጠይቄ ነበር። በወር 212 ደረሰኝ ነው፤ ገዢዎቹ ደግሞ ወረቀቱን በጭራሽ አያዩትም። በሰብሳቢው ስም በወር አንድ ደረሰኝ ይበቃል። ሰብሳቢው የቆረጠው ኮሚሽንም ወጪዬ መሆኑ ይታወቅልኝ። ያልደረሰኝን ገንዘብ እንደ ገቢ ቆጥሮ ግብር መክፈል ይከብዳል።

የቢሮውን ጉዳይ በአጭሩ። ለንግድ ፈቃዱ አድራሻ ብዬ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። በወር 6,000 ብር እከፍላለሁ። ገብቼ ሠርቼባት አላውቅም። የምሠራው ቤቴ፣ መኝታ ክፍሌ ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ነው። የቤቴ አከራይ ለንግድ የሚሆን ውል ለመፈረም ፈሩ። አልፈርድባቸውም። ድምፅ የሌለው፣ ሰው የማይመላለስበት፣ ዕቃ የማይጫንበት ሥራ ከመኖሪያ ቤት መሠራቱ ማንን ይጎዳል?

ኢንተርኔቱንም ሳላነሣ አላልፍም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ 31 ደንበኞች ነበሩኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያ ጊዜ በአገራችን የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የእኔን ኪሳራ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። ነገር ግን ሲመለስ ያገኘኋቸው 12 ብቻ ናቸው። ከሄዱት አንዱ «ሞተህ መስሎን ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላው ደግሞ በትሕትና፣ ሦስት ሳምንት የማይመልስ ሰው ላይ ሥራውን መጣል እንደማይችል ነገረኝ። ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሄዳለሁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያለው አንድ ነገር ቃሉ ነው። አጎቴ ያረፈ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የሰነበትኩት። እናቴ ደስ አላላትም። ደንበኞቼ ግን አላወቁም።

ይህን ለምታነቡ የሙያ ጓደኞቼም አንድ ቃል አለኝ። እናንተም የየራሳችሁን ጉዳይ ጻፉ። ስንት ደንበኛ እንዳላችሁ፣ ገንዘቡ በየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚታገድ በቁጥር ጻፉት። መሥሪያ ቤቶቹ የማያውቁን ተደብቀን ስለምንሠራ ጭምር ነው። የሰፈር ሰው ሥራ ፈት ነው ብሎ የሚያስበን ልጆች፣ በየወሩ ስንት ዶላር እንደምናስገባ በወረቀት ይታይ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ያለፉት አሥራ ስምንት ወራት የሽያጭ ዝርዝሮች፣ የሐዋላ ወረቀቶችና ከባንኩ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ክላሰር ተሰድረው ተቀምጠዋል። ፎርሙን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ካለ ይዣቸው እመጣለሁ። መስመር በመስመር አብረን እንየው። የምለምነው ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሆን ነው። በዚያ ሰዓት ካናዳዎቹ ተኝተዋል፤ ኒውዚላንዶቹም የቀኑን ትምህርት እየጨረሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ ሶፍትዌር ሠሪ
አዲስ አበባ